የተገለበጠው ኮት

ኮት ተገልብጦ ሲሰፋ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆናል። ይህን የማያውቅ ልብስ ሰፊ የለም። እኔም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳውቀው ኖሬ፣ ማወቅ በነበረብኝ በዚያች አንዲት እሁድ ረሳሁት። የረሳው እጄ ነው ብዬ ላላክክ እችላለሁ። ግን እጄን ያን አመል ያስተማርኩት እኔው ነኝ።

ሥራ ቤቴ አንድ ጠባብ ክፍል ናት። መንገዱን የሚያይ አንድ መስኮት፣ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ የመተኮሻ ጠረጴዛ አለ። ግድግዳው ላይ ደግሞ ቡናማ የንድፍ ወረቀቶች በሚስማር ተንጠልጥለዋል፤ ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት ልብሱ መጀመሪያ የሚቆረጥባቸው ማለቴ ነው። ከቀትር በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ የጨርቁ ብናኝ በአየሩ ላይ ቀስ ብሎ ይንሳፈፋል። ያኔ ፔዳሉን እየረገጥኩ እንቅልፍ ይወስደኛል። እግሬ ይሠራል፣ እኔ የለሁም። የማየው ሕልም ሁልጊዜ አንድ ነው። ማለቂያ የሌለው ነጭ ጨርቅ እሰፋለሁ። ወዲያኛውን ጫፍ የያዘው ሰው አይታየኝም፤ መያዙን ግን ከአጎታተቱ አውቃለሁ። ሲስብ እከተላለሁ፣ ሲያላላ አርፋለሁ። ደንበኛ በሩን ሲያንኳኳ እባንናለሁ፤ ሳየው ስፌቱ ቀጥ ብሎ ሄዷል።

ታዲያ የሚያንኳኳው ደንበኛ እየጠፋ መጣ። ሰው ልብስ ማሰፋት ትቷል። ከሱቅ የተሰቀለውን አውርዶ ይለብሳል፣ ሲሰለቸው ይጥላል። ለእኔ የሚደርሰኝ የተበላሸ ዚፕ፣ የረዘመ ሱሪ፣ አንዳንዴም ከባለቤቷ ውፍረት ጋር የተጣላ ቀሚስ ነው። ኪራይ መክፈል አቃተኝ። የክፍሏ ባለቤት ድምፃቸው እንደ ጥጥ የለሰለሰ አሮጊት ናቸው። ሲቆጡም ያው ጥጥ ነው፤ እኔን የሚያስፈራኝም እሱ ነው። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆመው፣

"ልጄ፣ ይህቺን ክፍል ስልክ የሚሸጥ ሰው ጠይቆኛል" አሉኝ። "ሁለት ወር እታገስሃለሁ። ከዚያ ማክሰኞ ቀን እመጣለሁ። ውዝፉን ሙሉውን ትሰጠኛለህ፣ ወይ ቁልፉን ትሰጠኛለህ። እሺ?"

"እሺ እትዬ" አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ቤታችን ውስጥ ደግሞ ሌላ ሕግ ነበር። ባለቤቴ ዳቦ ከመግዛቷ በፊት አስራት ታወጣለች። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ቤት ትመጣና የሳምንቱን ገቢ ትቀበለኛለች። ከአሥር አንዱን ከቤተ ክርስቲያን በተሰጠን ነጭ ፖስታ ውስጥ ትከትና፣ "አባወራው አንተ ነህ፣ አንተ አስገባው" ብላ ትመልስልኛለች። ኮቴ ኪስ ውስጥ ስጨምረው ደግሞ፣ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ይመስል ኪሴን መታ መታ ታደርጋለች።

"እግዜር የቤት ኪራይ የለበትም" አልኳት፣ አሮጊቷ በመጡ ሳምንት። "እኛ ግን አለብን።"

"ባለቤቷን የተማመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች።"

"ያቺ በግ ጅብ ጎረቤት አልነበራትማ!"

ከልቧ ሳቀች። መሳቋ አናደደኝ። እኔ ከምሬ ስናገር እሷ ቀልደኛ ባል ያገባች ይመስላታል። ኪሴን መታ መታ አድርጋ፣ "በል መርፌው፣ አታምሽ" ብላኝ ሄደች። መርፌው የምትለኝ በቅጥነቴ ነው። ክፋቱን የጀመርኩት በዚያው ሰዓት ነው፤ የእግሯ ኮቴ ገና ከደረጃው ሳይጠፋ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ፖስታውን ከፍቼ ገንዘቡን አወጣሁ። ባዶውን እንዳላስገባው ባለቤቴ አጠገቤ ነው የምትቀመጠው፤ የሳሳ ፖስታ ደግሞ ከሩቅ ያስታውቃል። ስለዚህ መቀሴን አነሳሁ። ከግድግዳው ንድፎች ሁሉ ያረጀውን፣ ከሌሎቹ ኋላ የተሰቀለውን አወረድኩና አንዱን ጥግ በገንዘብ ልክ ቆራርጬ ፖስታው ውስጥ ከተትኩ። የባለቤቴ የሠርግ ቀሚስ ንድፍ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ አቧራ ከመጠጣት በቀር ምን ፈየደ? ወረቀት አይደል? እንዲህ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። መቀሱን የያዘው እጄ ግን ቀዝቅዞ ነበር።

ሰባት እሁድ እንዲሁ አለፈ። ኮቴ ሁለት የውስጥ ኪስ ነበረው። በግራ በኩል ያለው ቁልፍ አለው፤ የኪራዩን ገንዘብ በዚያው ዓይነት ነጭ ፖስታ እሱ ውስጥ ቆልፌ እይዛለሁ። ከአስራቱ የወሰድኩትንም፣ ከሥራው የተንጠባጠበውንም እዚያው አከማቻለሁ፤ ከደረቴ አይለይም። በቀኝ በኩል ያለው ቁልፍ የለውም፤ የወረቀቱ ፖስታ መኖሪያ እሱ ነው። ሙዳየ ምጽዋቱ በፊቴ ሲያልፍ እጄ ወደ ቀኙ ኪስ ይሄዳል። መጀመሪያ እያመነታ ነበር የሚሄደው። በሰባተኛው ሳምንት ብቻውን መንገዱን አወቀ።

በስምንተኛው ቅዳሜ ባለቤቴ የኮቴን ኮሌታ በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ መስኮቱ አስጠጋችኝ።

"ይሄን ኮት ፀሐይ በልቶታል። የሰው ስታሳምር የራስህን ትረሳለህ። ገልብጠውና ነገ ልበሰው፤ ውስጡኮ አሁንም አዲስ ነው።"

እውነቷን ነበር። ሲገለበጥ የደበዘዘው ወገን ወደ ውስጥ ይገባል፣ ፀሐይ ያላየው ወገን ወደ ውጭ ይወጣል፣ ሰው አዲስ የገዛህ ይመስለዋል። ገበሩን ፈታሁ፣ ስፌቱን ፈታሁ፣ ገለበጥኩ፣ መልሼ ሰፋሁ። ስጨርስ ቁልፍ ያለውን ኪስ ፈልጌ የኪራዩን ፖስታ አስገባሁ። ማክሰኞ ሊደርስ የቀረው ጥቂት ቀን ነው፣ ገንዘቡም ሞልቷል። ቁልፍ የሌለውን ፈልጌ ደግሞ የወረቀቱን ጨመርኩ። ቁልፉ አሁን በቀኝ በኩል መሆኑን ዓይኔ አይቷል። ለእጄ የነገረው ግን የለም።

እሁድ ጠዋት ሞቃት ነበር። መስኮቶቹ ሁሉ ተከፍተው ብርሃኑ በሰዉ ትከሻ ላይ ተኝቷል። መዘምራኑ ቀስ ያለ መዝሙር ያዙ፤ ሌሊቱን ሙሉ ጎንበስ ብዬ የሰፋሁበት ጀርባዬ ወንበሩን ሲያገኝ ዓይኔ ተከደነ። ነጩ ጨርቅ መጣ። ወዲያኛውን ጫፍ የያዘው እንደ ወትሮው ሳብ አደረገው። ያን ቀን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረኝ።

"ስንት ክንድ ነው?"

"አሥር" አልኩት።

"የእኔዋስ?"

አፈርኩ። ዙሪያዬን ስፈልግ እግሬ ሥር የወዳደቀ ቁርጥራጭ አየሁ። "ይኸው፣ ይሄን ውሰድ" አልኩት። አልተቆጣም። ጨርቁን ብቻ አላላው፣ አላላው፣ በእጄ ውስጥ ክብደቱ ጠፋ። የለቀቀኝ መሰለኝና ደነገጥኩ።

የባለቤቴ ክርን ጎኔን ነካኝ። ሙዳየ ምጽዋቱ ፊቴ ቆሟል። እጄ ወደ ቀኙ ኪስ ሄደ። ቁልፍ ነበረበት፤ ግን የልብስ ሰፊ ጣት ቁልፍ ሲፈታ ባለቤቱን አያስፈቅድም። ፖስታው ገባ። ሲወድቅ ከወትሮው ከበድ ያለ ድምፅ አሰማ፤ እኔ ግን በእንቅልፍ ልቤ ከበሮ መሰለኝ።

ባለቤቴ እንደ ሁለት ወር ልማዷ፣ "ከሴቶቹ ጋር ጽዳት አለብን" ብላኝ ቀረች። ቤት ስትደርስ ፊቷ ሌላ ነበር። ዓይኗ ቀልቷል፣ አፏ ይዘምራል። ትከሻዬን ይዛ ብዙ ቆየች። ሰኞ ምሳዬን ሥራ ቤት ድረስ ይዛልኝ መጣች፤ ከተጋባን ሦስተኛ ዓመታችን ወዲህ ያላየሁት ነገር ነው። አጠገቤ ተቀምጣ ስበላ አየችኝ። አንድ የተገለበጠ ኮት እንዲህ ካደረጋት ሱሪውንም እገለብጠዋለሁ ብዬ አሰብኩ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ አሮጊቷ መጡ። ኮራ ብዬ ተነሳሁ። እጄን ወደ ግራ፣ ቁልፍ ወዳለው ኪስ ላክሁ። ቁልፍ የለም። ፖስታ ግን አለ። ቁልፉ ወዴት ሄደ ብዬ ሳልጨነቅ አወጣሁና በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው። ከፈቱት። ቡናማ ወረቀት አንድ ባንድ ጠረጴዛው ላይ ተዘረገፈ።

"ይሄ ምንድን ነው ልጄ? የወረቀት ቀሚስ ልትሰፋልኝ ነው?"

የቀኙን ኪስ ዳሰስኩ፤ ቁልፉ ተፈቷል፣ ባዶ ነው። የእሁዱ ድምፅ፣ ያ ከበሮ፣ በጆሮዬ ተመለሰ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ያለው ሰው የእኔን ፖስታ በእጁ መዝኖት መሆን አለበት።

"እስከ ማታ ይታገሱኝ እትዬ" አልኩ።

"እስከ ማታ" አሉ በጥጡ ድምፅ። ወረቀቶቹን ሰብስበው ፖስታው ውስጥ መለሱና ሰጡኝ። "ቁልፉንም ይዘህ ቆየኝ፣ ምናልባት።"

የቤተ ክርስቲያናችን ገንዘብ ያዥ በጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው፤ ሁላችንም ጋሼ እንለዋለን። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ስሰፋና ስፈታ ሄድኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ "ለእግዜር የሰጠሁትን መልስልኝ" ልል ነው፤ ለዚያውም የሰጠሁት ከእሱው የሰረቅሁትን ነው። በሩን ከፈተልኝ፣ ብርቱካን እየላጠ ነበር፣ ግማሹን ሰጠኝ። ሁሉንም ነገርኩት። አንዱን ነገር ደብቄ ሌላውን ለመናገር ሞክሬ ነበር፤ ግን ታሪኩ ካንዱ ክር ሲፈታ ሁሉም ተፈታ።

ጋሼ አልተገረመም። "ወረቀቱ ያንተ መሆኑን በመጀመሪያው እሁድ ነው ያወቅነው" አለኝ። "'ወገብ፣ ስድሳ ስድስት' ተብሎ የተጻፈበት ገንዘብ በየትም አገር የለም።"

መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ አልጠላም ነበር። "ያወቃችሁት ማን ማን ናችሁ?"

"ሦስት ቆጣሪዎች አሉ። ስማቸውን አንናገርም፣ እነሱም ለትዳር ጓደኛቸው እንኳ አይናገሩም፤ ደንብ ነው። ዛሬ ደንቡን ላፈርሰው ነው።" መነጽሩን አወለቀ። "አንዷ ሚስትህ ናት።"

ጽዳት! ሁለት ወር ሙሉ ያ ሁሉ ጽዳት! ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ እኔ አታለልኳት ስል እሷ ወረቀቴን በእጇ እየቆጠረች ኖራለች።

"የመጀመሪያ ቀን ጽሕፈቱን በጣቷ ዳሰሰችው" አለኝ። "'ይሄ የእኛ ነው፣ ባዶ ብላችሁ መዝግቡት' አለች። እኔ ላነጋግርህ ነበር። 'ተዉት ጋሼ፣ ጨንቆት ነው፣ ራሱ ይመለሳል' ብላ ከለከለችኝ። በየሳምንቱ ወረቀቱን በመሐረብ ጠቅልላ ትሄዳለች።"

"ያለፈው እሁድስ?"

"ያለፈው እሁድ ፖስታውን ስትከፍት ቁጭ አለች። 'ተመለሰ' አለችና አለቀሰች። እኛም አለቀስን። ቆጠራው ሁለቴ ተሳሳተብን፤ በዕድሜዬ እንዲያ ተሳስቼ አላውቅም።"

ብርቱካኑ እጄ ላይ ቀረ። የሰኞው ምሳ፣ ትከሻዬን ይዛ መቆየቷ፣ መዝሙሩ፣ ሁሉም ገባኝ። የገባኝ ነገር ደግሞ ክፍሏን ከማጣት የባሰ ነበር። ሴትዮዋ ሁለት ወር የጠበቀችው ባሏ አልተመለሰም። የተመለሰው ኮቱ ነው።

ጋሼ ከመሳቢያው ፖስታውን አውጥቶ ጉልበቴ ላይ አኖረው። "ወደ ባንክ የሚሄደው ነገ ነው። ስህተት ከሆነ ስህተት ነው፤ እግዚአብሔር በስህተት የገባለትን አይበላም። ውሰደው። እኔ ለሚስትህ አልነግራትም፣ ሌሎቹም አያውቁም። ብትፈልግ አንተ ትነግራታለህ፣ ባትፈልግ ደስ እንዳላት ትኑር።" በሩ ድረስ ሸኘኝና ደግሞ ጠራኝ። "ሌላ ጊዜ ስታጣ ባዶውን አስገባው። ባዶ ፖስታ ውሸት የለበትም። 'የለኝም' ማለት ነው፤ እሱም ጸሎት ነው።"

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። የከሰዓቱ ፀሐይ በግድግዳው ላይ ቀስ ብላ እየተንሸራተተች ነበር፤ ሰዎች በአጠገቤ ያልፋሉ፣ ድምፃቸው ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። ፖስታውን ጉልበቴ ላይ አራግፌ ከፈልኩት። የስምንት ሳምንት አስራት ወዲህ፣ በላቤ ያጠራቀምኩት ወዲያ። ወዲያኛው ብቻውን ለአሮጊቷ አይበቃም። ሁለቱን ከቀላቀልኳቸው ሥራ ቤቴ ትተርፋለች፣ ባለቤቴም አታውቅም፣ መዝሙሯንም አታቋርጥም። ማንም አይጎዳም። እጄ ሊቀላቅላቸው ሄዶ ነበር። ያ ጨርቁ የላላበት ስሜት በእጄ ውስጥ መጣና ፈራሁ፤ ወዲያኛው ጫፍ እንዳይለቀኝ ፈራሁ። አስራቱን ለብቻው ፖስታው ውስጥ መለስኩት።

አሮጊቷ ዘንድ ያልሞላውን ገንዘብ ይዤ ሄድኩ። ከነምክንያቱ ነገርኳቸው፣ የሠርግ ቀሚሱንም ሳልደብቅ። ገንዘቡን ተቀብለው አንድ ባንድ ቆጠሩት።

"የሟቹ ባሌ ካፖርት አለ" አሉ በመጨረሻ። "ውጭው ነትቧል። ገልብጠህ በእኔ ልክ ታደርገዋለህ?"

"በሦስት ቀን እትዬ።"

"በአንድ ወር አድርገው። የቀረውንም በአንድ ወር። ዓይንህ ሳይከፈት ደግሞ አትስፋ፣ ኪሱ ይጠፋብሃል።" ድምፃቸው ያው ጥጥ ነበር፤ ያን ቀን ግን ሞቀኝ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ልብስ እያጣጠፈች ትዘምራለች። ከእሷ መዝሙር ይልቅ የአሮጊቷ ቁልፍ ይሻለኝ ነበር። በሩ ላይ እንደቆምኩ፣ "እሁድ ያስገባሁት ገንዘብ በስህተት ነው" አልኳት። "አልተመለስኩም ነበር። ኮቱ ተገልብጦ ኪሱ ተምታቶብኝ ነው። ወረቀት ልሰጥ ነበር የሄድኩት። ዛሬ ከጋሼ ሁሉንም ሰማሁ፤ ገንዘቡንም መለሰልኝ።"

መዝሙሩ ቆመ። ፊቷን አላየሁም፤ ማየት አልቻልኩም። እጥፉን ልብስ አልጋው ላይ አኑራ ወደ ቁም ሣጥኑ ስትሄድ የእግሯን ድምፅ ብቻ ሰማሁ። መሐረብ ይዛ ተመለሰችና አልጋው ላይ ፈታችው። ሰባቱ እሁድ በሙሉ እዚያ ነበሩ። እያንዳንዷን ቁራጭ በቦታዋ በስፒል አያይዛ ትከሻውን፣ እጅጌውን፣ ወገቡን መልሳ ሠርታዋለች። በወጣትነቴ የጻፍኩት ጽሕፈት ከቁራጭ ወደ ቁራጭ ይሻገራል። ደረቱ ላይ ብቻ ክፍት ቦታ ነበረው።

ከኪሴ ስምንተኛውን አወጣሁ። ቁራጮቹን አንድ ባንድ ክፍቱ ላይ ደረደርኳቸው። ልክ ገቡ። እሷ ስፒሉን ሰካች።

"ይሄ ደግሞ አስራቱ ነው" ብዬ ነጩን ፖስታ ሰጠኋት። "የስምንቱም። ኪራዩ አልሞላም፣ እትዬ አንድ ወር ሰጡኝ። እሁድ አስገባዋለሁ። ነቅቼ።"

ፖስታውን በእጇ መዘነችው። ከዚያ ተጠግታኝ ኮቴን ገለጥ አደረገችና ቁልፍ የሌለው ኪስ ውስጥ ከተተችው።

"ለጋሼ እሁድ ተመለሰ ብዬው ነበር" አለች። "ለካ ማክሰኞ ኖሯል። የተሳሳትኩት ሁለት ቀን ብቻ ነው።"

ኪሴንም መታ መታ አደረገችው፣ በግራ በኩል። ኮቱ መገለበጡን እሷ አልረሳችም።